የ‹‹ሪፊፊ›› ሠላሳ ደቂቃ ዝምታ እና የተረሳው ጆሮ ጠቢ

ስለ ዝርፊያ ፊልሞች የሚዘጋጅ የ‹‹ምርጥ አስር›› ዝርዝር ሁሉ አንዲት የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለችው፦ ‹‹ሪፊፊ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ››። አቅራቢው ይህቺን ይላል፣ አንድ ፎቶ ይለጥፋል፣ ወደ ቀጣዩ ፊልም ያልፋል። በ1955 የወጣ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ፊልም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓረፍተ ነገሯ ውሸት የለባትም። ችግሯ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አለመንገሯ ነው።

‹‹ሪፊፊ››ን የስርቆት ፊልም ነው ብሎ ማለፍ፣ ሠርግን የምግብ ዝግጅት ነው እንደማለት ነው። ምግቡ አለ፤ ጥሩም ነው። ሰው የተሰበሰበው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የ‹‹ሪፊፊ›› ጉዳይ ጥቆማ ነው። ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? የተናገረውስ ምን ይደረግ? ይህን ጥያቄ ያነሳው ዳይሬክተር ደግሞ ባልደረቦቹ ስሙን ጠርተው ከሙያውና ከሀገሩ ያስወጡት ሰው ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሠላሳዋ ደቂቃ የሚገባትን ክብር ታግኝ። ዘራፊዎቹ አራት ናቸው። ቶኒ ‹‹ሌ ስቴፋኑዋ›› አምስት ዓመት ታስሮ የወጣ፣ ሳል የማይለቀው፣ ቁማር የሚበላው ያረጀ ወሮበላ ነው። ጆ ‹‹ስዊድናዊው›› ቶኒ ሳያጋልጠው እስሩን ብቻውን የተሸከመለት ወጣት አባት ነው፤ የልጁም የክርስትና አባት ቶኒ ነው። ማሪዮ ሳቂታው ጣሊያናዊ ነው። አራተኛው ሴዛር ከሚላን የመጣ ካዝና ከፋች፣ ሽክ ያለ፣ ሴት ሲያይ ልቡ የሚጠፋ ሰው ነው። የሚዘርፉት ፓሪስ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝ ጌጣጌጥ ቤት ማፒን ኤንድ ዌብን ሲሆን፣ የሚገቡትም በበሩ ሳይሆን ከላይ ካለው መኖሪያ ቤት ወለሉን ሰርስረው ነው።

ወለሉ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ያበጃሉ። በቀዳዳው የታጠፈ ጃንጥላ ያስገቡና ከታች ይዘረጉታል። ከዚያ በኋላ የሚረግፈው ኖራና ፍርስራሽ ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ይጠራቀማል፤ መሬት የሚነካ የለም፤ የማንቂያ ደወሉ ለትንሽ ንዝረት ይጮሃልና። ደወሉን ራሱን በእሳት ማጥፊያ አረፋ ሞልተው ያፍኑታል። ይህን ዘዴ ያገኙት ተመሳሳይ ደወል አምጥተው ቤታቸው ውስጥ ደጋግመው ሞክረው ነው። ካዝናውን እንደ ሕፃን አቅፈው ያጋድሙና ከጀርባው ይቆርጡታል። ላባቸው ይታያል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። ተመልካቹም አብሯቸው ትንፋሹን ይውጣል። ሲጨርሱ እጃቸው የገባው 240 ሚሊዮን ፍራንክ የሚያወጣ ጌጥ ነው።

የሙዚቃው ደራሲ ዦርዥ ኦሪክ ለዚህ ክፍል ማጀቢያ ካልሠራሁ ብሎ ሠርቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን አልተከራከረውም። አንዴ ከነሙዚቃው፣ አንዴ ያለ ሙዚቃ አሳየው። ኦሪክ ራሱ ሁለቱን አይቶ ሙዚቃው እንዲወጣ ፈረደ። የራሱን ሥራ በራሱ አፍ ‹‹ይጣል›› የሚል ባለሙያ ብርቅ ነው፤ ይህ ሰው ከዳሲን ያልተናነሰ ምስጋና ይገባዋል።

እዚህ ላይ የ‹‹ምርጥ አስር›› አዘጋጆች ተነስተው ይወጣሉ። ፊልሙ ግን ገና አርባ ደቂቃ ገደማ ይቀረዋል፤ የዳሲንም ዋና ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሴዛር ከተዘረፈው ጌጥ አንዲት ቀለበት ለብቻው ደብቆ ያወጣል። ቀለበቷን የሚሰጠው የምሽት ክበብ ዘፋኝ ለሆነችው ቪቪያን ነው። ክበቡ የግሩተር ወንድማማቾች ነው፤ የቶኒ ጠላቶች ናቸው። ቀለበቷ ተያዘች፣ ሴዛር ተያዘ፣ ፈራ፣ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ ቃል ልጅ ነው። ማሪዮና ሚስቱ ኢዳ ጌጡ የት እንደተቀመጠ አንናገርም ብለው ተገደሉ። የጆ ትንሽ ልጅ ታፈነ። አራቱ ሰዎች ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የሠሩትን፣ አንድ ሰው በአንዲት ደቂቃ ንግግር አፈረሰው። ዝምታው የካሜራ ብልሃት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን አላየም። ‹‹ዝም አይነቅዝም›› የሚለውን ተረት የሚያውቅ አንባቢ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሰውየው። ጁልስ ዳሲን በ1911 አሜሪካ፣ ኮኔክቲከት ውስጥ ከሩሲያ ከተሰደደ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በ1930ዎቹ እንደ ብዙ የዘመኑ የኒውዮርክ የቴአትር ወጣቶች ኮሚኒስት ፓርቲ ገባ። በ1939 ሂትለርና ስታሊን ሲፈራረሙ ወጣ። ከዚያም ሆሊውድ ውስጥ ‹‹ብሩት ፎርስ››ን፣ ‹‹ዘ ኔክድ ሲቲ››ን፣ ‹‹ቲቭስ ሃይዌይ››ን ሠርቶ ስም አወጣ። በ1951 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት የፀረ-አሜሪካ እንቅስቃሴ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የዳሲንን ስም የጠራ ሰው ተገኘ፤ ዳይሬክተር ኤድዋርድ ዲሚትሪክ። ልብ በሉ፣ ክሱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለቆ የወጣው የፓርቲ አባልነት ነው። የተሰረቀ ነገር የለም። የሞተ ሰው የለም።

ዲሚትሪክ ራሱ መጀመሪያ ላይ አልናገርም ብሎ ከታሰሩት ‹‹የሆሊውድ አስሮች›› አንዱ ነበር። እስር ቤቱን ቀመሰው፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ ወጥቶ ስም ጠራ። ከዚያም ሥራ አገኘ፤ በ1954 ‹‹ዘ ኬይን ሚውትኒ››ን የመሰለ ትልቅ ፊልም ተሰጠው። ዳሲን ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ እዚያም እጁ ረጅም ሆኖ ጠበቀው። ፈርናንዴልና ዣ ዣ ጋቦር የሚሠሩበትን አስቂኝ ፊልም ሊመራ ተዋውሎ፣ ቀረፃ ሊጀመር ሲል ተባረረ። ምክንያቱ ከአሜሪካ በኩል የመጣ ማስፈራሪያ ነበር፦ ከዚህ ሰው ጋር የሠራ አሜሪካ ውስጥ ፊልሙም እሱም ቦታ የላቸውም የሚል። ከ1950 እስከ ‹‹ሪፊፊ›› ድረስ አንድም ፊልም አልሠራም። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ኋላ በፈረንሳይኛ ዘፈን ስመ ጥር የሆነው ጆ ዳሳን ነው።

እንዲህ ሆኖ እያለ ነው የኦጉስት ለ ብሬቶን ልብ ወለድ የቀረበለት። መጽሐፉን አልወደደውም። በፓሪስ ወሮበሎች ቋንቋ የተጻፈ፣ ፈረንሳዮችን እንኳ የሚያስቸግር ነው። ከዚህ የባሰው የመጽሐፉ ክፉዎች አረቦችና ሰሜን አፍሪካውያን መሆናቸው ነበር። የአልጄሪያ ጦርነት በ1954 ኅዳር ላይ ፈንድቷል፤ በዚያ ሰዓት ለፈረንሳይ ተመልካች አረብን ወሮበላ አድርጎ ማቅረብ ቲኬት መሸጫ እንጂ ድፍረት አልነበረም። ዳሲን ቀየረው። ክፉዎቹ ‹‹ግሩተር›› የሚባሉ አውሮፓውያን ሆኑ። ስለ ጃንጥላው ገጽ ሙሉ የሚጽፉ ሰዎች ስለዚህ ውሳኔ አንድ መስመር አይጽፉም፤ የጎደለባቸው ትዝብት እንጂ ቦታ አይደለም።

በጀቱ ከ200 ሺህ ዶላር የማይበልጥ፣ የዳሲንም ክፍያ 8 ሺህ ዶላር እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ ታዋቂ ኮከብ የሚታሰብ አልነበረም። ቶኒን የተጫወተው ዣን ሰርቬ ቤልጂየማዊ ነው፤ በአንድ ወቅት ስም የነበረው፣ መጠጥ ሙያውን የበላበት ተዋናይ። የቶኒ ፊት ላይ የሚታየው ድካም ሜካፕ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆን የተጫወተው ካርል ሞህነር ኦስትሪያዊ ነው። ማሪዮ የሆነው ሮቤር ማኑኤል ከኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ የመጣ፣ ሰው በማሳቅ የሚታወቅ ተዋናይ ነው። ቪቪያን የሆነችው ማጋሊ ኖኤል ቱርክ፣ ኢዝሚር የተወለደች ናት፤ ኋላ ፌሊኒ ‹‹አማርኮርድ›› ውስጥ የማትረሳ አድርጓታል። የፊልሙን ርዕስ ትርጉም በዘፈን የምታስረዳውም እሷ ናት፤ ቃሉ አምባጓሮ፣ የወሮበላ ጠብ እንደማለት ነው። ከግሩተሮቹ ታናሽ፣ የዕፅ ሱሰኛውን ሬሚን የሠራው ያኔ ገና ወጣት የነበረው ሮቤር ሆሴን ነው። ትዕይንቶቹን የነደፈው አሌክሳንደር ትራውነር ሃንጋሪያዊ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በናዚ ወረራ ጊዜ ተደብቆ እየሠራ ያለፈ ሰው ነው። ‹‹ክላሲክ የፈረንሳይ ፊልም›› የሚባለው ይህ ነው እንግዲህ። ግማሹ ስደተኛ፣ ግማሹ የተረሳ፣ መሪው በጥቁር መዝገብ የሰፈረ። ፓሪስን እንዲህ ግራጫና እርጥብ አድርገው ያሳዩት፣ ፀሐይ ስትወጣ ቀረፃ አቁመው ደመና እየጠበቁ፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ሴዛርንስ ማን ተጫወተው? ተዋናዩ ‹‹ፔርሎ ቪታ›› ይባላል ይላል የፊልሙ ጽሑፍ። ፔርሎ ቪታ የሚባል ሰው የለም። ጁልስ ዳሲን ራሱ ነው።

የሚነገረው ታሪክ ለዚህ ሚና የታሰበው ጣሊያናዊ ተዋናይ ስላልመጣ ዳሲን ተተካ የሚል ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። ሴዛር በቶኒ እጅ የሚገደልበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ዳሲን የጨመረው ነው። ሲጨምረው ምን እያሰበ እንደነበር ደግሞ ኋላ በቃለ መጠይቆቹ አልደበቀም፤ ስሙን አሳልፈው የሰጡትን ወዳጆቹን ነበር የሚያስበው። ቶኒ የግሩተሮቹ ክበብ ጓዳ ውስጥ ሴዛርን ምሰሶ ላይ ታስሮ ያገኘዋል። ሴዛር ፈርቶ እንደተናገረ ይናዘዛል። ቶኒ እንደሚወደው ይነግረዋል፤ ሕጉን ግን እንደሚያውቅ ያስታውሰዋል። ሴዛር አይከራከርም። ቶኒ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይተኩሳል።

ይህን ትዕይንት ‹‹የዳሲን በቀል›› ብለው የሚጠሩ ተቺዎች አሉ። ስህተት ነው፣ ሰነፍ ስህተት። በቀል የፈለገ ሰው ጠቋሚውን ጭራቅ ያደርገዋል፤ ላብ የሚያጠምቀው፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ፣ ለገንዘብ የሚሸጥ ያደርገዋል። ሴዛር ግን ከአራቱ ሁሉ ተወዳጁ ነው። ሙያውን የሚያውቅ፣ ለዘዬው የሚጠነቀቅ፣ ለሴት የሚያዝን። ደካማ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። በዚህ ላይ የተጠቆመው ሰው የጠቋሚውን ልብስ ራሱ ለብሶ፣ ራሱ ምሰሶ ላይ ታስሮ፣ ራሱ ጥይቱን ተቀብሏል። ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ በሌላ ሰው ፊት ላይ ማሳየት ይችል ነበር፤ በራሱ ፊት ላይ አሳየው። በዚያ ዘመን ስም ከጠሩት ሁሉ አንዱም ወደ ተጠራው ሰው ጫማ እንዲህ አልገባም።

ማነጻጸሪያው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ‹‹ሪፊፊ›› ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1954፣ ኤሊያ ካዛን ‹‹ኦን ዘ ዋተርፍሮንት››ን አወጣ። ካዛን በ1952 ሚያዝያ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ከቀድሞ የቴአትር ባልደረቦቹ የስምንቱን ስም የሰጠ ሰው ነው። ይህም አልበቃውም፤ በሁለተኛው ቀን ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ከፍሎ ማስታወቂያ አወጣና ሌሎችም እንደሱ እንዲያደርጉ ጠራ። የፊልሙ ድርሰት ጸሐፊ በድ ሹልበርግም ስም የጠራ ነው። የወሮበላውን አለቃ የተጫወተው ሊ ጄ ኮብም በ1953 ስም የጠራ ነው፤ ይኸው ኮብ በ1949 በዳሲን ‹‹ቲቭስ ሃይዌይ›› ውስጥ የተወነ ነበር። ፊልሙ የወደብ ሠራተኛው ቴሪ በወሮበሎቹ ላይ መስክሮ ጀግና ሲሆን ያሳያል። ስምንት ኦስካር አገኘ። ካዛን ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ቴሪ እሱ ራሱ እንደሆነ አልሸሸገም።

ፊልሙ ድንቅ ነው፤ ማርሎን ብራንዶን አይቶ የማይነካ ልብ የለም። ማጭበርበሩ ግን ከድንቅነቱ እኩል ነው። ቴሪ የሚመሰክረው በነፍሰ ገዳዮች ላይ ነው። ወንድሙን ገድለውበታል። ካዛን የመሰከረው በማን ላይ ነበር? ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አብረውት አንድ ክፍል ውስጥ ስብሰባ በተቀመጡ ተዋንያን ላይ። የኮሚቴውን ክፍል አውጥቶ የነፍስ ግድያ ችሎት ተካበት፤ ጥቆማ ፈጽሞ ጀግንነት መሰለ። አማርኛ ‹‹ጆሮ ጠቢ›› የሚለውን ቃል ያተረፈው በከንቱ አይደለምና፣ ይህን ቃል ሰምቶ ያደገ ተመልካች በዚህ ልውውጥ ሊታለል አይገባውም።

ዳሲን የሠራው ተቃራኒውን ነው፤ የሚያከብረውም ይኸው ነው። የተጠቆሙትን ንጹሓን አላደረጋቸውም። ሌቦች ናቸው። ቶኒ ከእስር እንደወጣ የቀድሞ ወዳጁን ማዶን ጌጧንና ካፖርቷን አስወልቆ በቀበቶ ይገርፋታል። ካሜራው ፊቱን ያዞራል እንጂ ድምፁ ይሰማል። (ይህን ትዕይንት የቶኒ ‹‹የወንድነት ቁስል›› እያሉ የሚያስታምሙ ጽሑፎች አሉ። ግርፋት ነው። ሌላ ስም የለውም። ፊልሙም ለማዶ በቂ ቦታ አለመስጠቱ እውነተኛ ጉድለቱ ነው፤ የታፈነውን ልጅ ፍለጋ ላይ ቶኒን የረዳችው እሷ ሆና ሳለ።) ‹‹የወገኔ ሰዎች መላእክት ስለሆኑ አትጠቁሙብን›› ማለት ቀላል ነው። ዳሲን ያለው ከባዱን ነው፤ ሌባም ሲሆን ጓደኛን አሳልፎ መስጠት ምን እንደሚመስል እዩት። ያንኑ ያህል ደግሞ ‹‹ሕጉ›› ምን እንደሚመስል እዩት። ሴዛርን የገደለው ሕግ ማንንም አላዳነም። ማሪዮ ሞተ፣ ኢዳ ሞተች፣ ጆ ሞተ፣ ቶኒም ሞተ።

የካዛን ጠበቆች ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፦ ሰዎቹ ፈርተው ነበር፣ ቤተሰብ ነበራቸው፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ጥያቄው ሐቀኛ ነው፤ መልሱም ሴዛር ነው። የፈራን ሰው ‹‹ሪፊፊ›› ያዝንለታል። ፈርቶ የተናገረ ይቅርታ የጠየቀ አንድ ነገር ነው። ተናግሮ ሲያበቃ ጋዜጣ ላይ ቦታ ገዝቶ ‹‹ኑ፣ እናንተም ተናገሩ›› ያለ፣ ከዚያም ራሱን በፊልም ያነገሠ ሌላ ነገር ነው። በ1999 ኦስካር ለካዛን የክብር ሽልማት ሲሰጥ ከታዳሚው ከፊሉ ቆሞ አጨበጨበ፣ ከፊሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከተቀመጡት መካከል ኒክ ኖልቲና ኤድ ሃሪስ ነበሩ። ‹‹ሽማግሌውን ምን አስቀየሙት›› ተብሎ የተወቀሱት ግን የተቀመጡት ናቸው። ዳሲን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ 87 ዓመቱ ነው። ለሱ የክብር ኦስካር ሰጥቶ የቆመለት አልነበረም።

‹‹ጥበቡን ከሰውየው ለዩ›› የሚል ምክርም ይመጣል። ይለያይ። የካዛን ፊልም ይታይ፣ ይደነቅ፤ ማንም አቃጥሉት አላለም። ነገር ግን ምክሩ የሚሠራው ለአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ያስገርማል። በ1951 ማንም የዳሲንን ጥበብ ከዳሲን አልለየም። ፊልሞቹ እንዳይሠሩ የተደረገው በፊልሞቹ ምክንያት አልነበረም። ‹‹መለየት›› የሚባለው ነገር ትዝ ያላቸው ጠቋሚው ሽልማት ሊቀበል ሲነሳ ነው።

‹‹ሪፊፊ›› በ1955 ካን ላይ ለዳሲን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አስገኘለት፤ ከሶቪየቱ ሰርጌ ቫሲሊየቭ ጋር ተጋርቶ። ግሪካዊቷን ሜሊና መርኩሪን ያገኛትም እዚያው ነው። ከዚያ አሜሪካውያን አከፋፋዮች መጡ። ዩናይትድ አርቲስትስ ፊልሙን ለማሳየት ፈለገ፤ በአንድ ሁኔታ፦ ዳሲን ያለፈውን እንደሚክድ፣ ተታልሎ እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት ይፈርም። አምስት ዓመት ያልሠራ፣ እዳ ያለበት ሰው ነው። ስም ጥራ አልተባለም፤ ፈርም ብቻ ነው የተባለው። እምቢ አለ። ኩባንያው ገንዘቡን ስለፈለገ በሌላ ድርጅት ስም ዞሮ ፊልሙን አሳየ፤ የዳሲንም ስም ፊልሙ ላይ ቀረ። ጥቁሩን መዝገብ ከቀደዱት የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ይህ ነው፤ ጃንጥላ የገባበት ቀዳዳ ሳይሆን።

ባለሥልጣናትስ ምን አሳሰባቸው? ሜክሲኮ ውስጥ ሌቦች ዘዴውን እየኮረጁ ነው ተብሎ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወረደ። መሰርሰሪያው አስፈራቸው። ዛሬም ዝርዝር አዘጋጆች የሚያዩት ያንኑ መሰርሰሪያ ነው። ከ‹‹ሪፊፊ›› ወዲህ የመጡት የዝርፊያ ፊልሞች አብዛኞቹም ከዳሲን የወሰዱት ዘዴውን ነው፤ ዳሲን ራሱ በ1964 ‹‹ቶፕካፒ›› ላይ ተሳልቆበት ሳለ። ከሁሉ የተሻለ የገባቸው ምናልባት ጣሊያኖች ናቸው፤ በ1958 ማሪዮ ሞኒቼሊ ዝርፊያውን አክሽፎ ሰዎቹን ብቻ አስቀረና ሰው ሳቀ።

የ‹‹ሪፊፊ›› የመጨረሻ ደቂቃዎች ውስጥ ቶኒ ቆስሎ፣ ደም እየፈሰሰው፣ የጆን ልጅ ወደ እናቱ ለመመለስ ክፍት መኪና ይነዳል። ልጁ የካውቦይ ልብስ ለብሷል፣ የመጫወቻ ሽጉጡን እየተኮሰ ከኋላ ይዘላል፤ ምን እየሆነ እንዳለ አያውቅም። መኪናው በሩ ላይ ይቆማል። እናቱ ልጁን አቅፋ ትገባለች። በገንዘብ የተሞላው ሻንጣ መኪናው ውስጥ ቀርቷል፤ ሰዎችና ፖሊሶች ይሰበሰባሉ። ዳሲን በ2008 መጋቢት መጨረሻ አቴንስ ውስጥ በ96 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ብዙው የሞት ዜና የጀመረው በዚያችው በሠላሳ ደቂቃዋ ነበር።